በ1955 እ.ኤ.አ. የምትኖር የቢሮ ጸሐፊን ለመድረክ ለማልበስ ምክር እሻለሁ

የመጋረጃ ጀርባ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አባላት። በአንድ አነስተኛ የቴአትር ቡድን ውስጥ አልባሳት የማሰናዳ ሴት ነኝ። አሁን የያዝነው ተውኔት ታሪኩ የሚፈጸመው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢሆኑ መልካም ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1955 ብንል ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ፊት ስለሚወስደን ፋሽኑም ሌላ ይሆናልና። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሠላሳ ሁለት ዓመት የቢሮ ጸሐፊ ናት። በመጀመሪያው ገቢር በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጣ ትሠራለች፣ በሦስተኛው ገቢር ደግሞ ወደ ዳንስ ምሽት ትሄዳለች።

ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ «የሃምሳዎቹ ቀሚስ» ተብሎ የሚሸጥ አንድ የተዘጋጀ ልብስ በኢንተርኔት አዝዤ ነበር። ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ወገቡ በላስቲክ የተሰበሰበ፣ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ነው። ተዋናይቷ ለብሳው በመድረኩ መብራት ሥር ስትቆም የዚያን ዘመን ሰው ሳይሆን ለግብዣ የተዋበች የዛሬ ሴት ሆና ታየችኝ። ጉድለቱን ለመሙላት ነጭ ጓንት ጨመርኩ፤ ቀጥሎ የዕንቁ ሐብል፣ ቀጥሎ ትንሽ ባርኔጣ፣ በመጨረሻም ጫፉ እንደ ድመት ዐይን ወደ ላይ የተሳበ መነጽር አደረግሁላት። በጨመርኩ ቁጥር ግን ነገሩ እየራቀ ሄደ። ዳይሬክተሩ በትሕትና «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ አለፈ፤ ምን እንደሚጎድለው ግን እርሱም እኔም መናገር አልቻልንም።

አንድን ልብስ በእርግጥ የዚያ ዘመን የሚያደርገው ምንድን ነው? ከየትስ ልጀምር? መስፋት እችላለሁ፤ ነገር ግን ሙያውን ያገኘሁት በልምድ ስለሆነ ስለ ልክ አወጣጡም ጭምር ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል። ለመጀመሪያው ትርዒት አምስት ሳምንት ቀርቶናል።


ባለመቀስ፦

ውድ ጠያቂ፣ ጓንቱንና ሐብሉን ለጊዜው ወደ ሣጥናቸው ይመልሷቸው። የዚያ ዘመን ልብስ በብዙ ሰው አእምሮ የቀረው በጌጡ ስለሆነ አዘጋጆችም ከጌጡ እንጀምራለን፤ ልብሱን የዘመኑ ያደረገው ግን ቅርጹ ነው፣ ቅርጹም የሚሠራው ከውስጥ ነው። ለዳይሬክተርዎ ጎዶሎ ሆኖ የታየው ይህ ይመስለኛል፦ ተዋናይቷ የ1955ን ቀሚስ የለበሰችው በዛሬ የውስጥ ልብስ ላይ ነው።

ቅርጹ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጨርቅ ለሚቆርጥ ሰው ይጠቅመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጨርቅ እጅግ የተቆጠበ ነገር ነበር። በብሪታንያ ከጁን 1941 ጀምሮ ልብስ የሚገዛው በኩፖን ነበር፤ በአሜሪካም በ1942 የወጣው ኤል-85 የተባለ ትእዛዝ የጉርዱን ርዝመትና ስፋት ሳይቀር ወሰነ። ስለዚህ የአርባዎቹ መጀመሪያ ሴት ትከሻዋ በስፖንጅ የሰፋ፣ ጉርዷ ቀጥ ብሎ ጉልበት ላይ የሚቀር ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 የፋሽን ነዳፊው ክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ የመጀመሪያ ስብስቡን ሲያሳይ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ትከሻው ተፈጥሯዊ ክብነቱን አገኘ፣ ወገቡ ጠበበ፣ ጉርዱ ሰፍቶ ወደ ባት ወረደ። የፋሽን መጽሔቱ የሃርፐርስ ባዛር ዋና አዘጋጅ የነበረችው ካርመል ስኖው «ኒው ሉክ» (አዲስ ገጽታ) አለችው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በብሪታንያ የልብስ ኩፖን እስከ ማርች 1949 ድረስ ስላልቀረ፣ ያን ሁሉ ጨርቅ ለአንድ ጉርድ ማዋሉ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር።

ከዚያ ስብስብ ዝነኛው «ባር» የተባለው ሙሉ ልብስ ነው፦ ክሬም ቀለም ያለው የሐር ጃኬትና ጥቁር ሽንሽን የሱፍ ጉርድ። ለእርስዎ ትልቁን ትምህርት የያዘው ጃኬቱ ነው። ወገቡ ያን ያህል ቀጭን የመሰለው ስለጠበበ ብቻ አይደለም፤ ዳሌው ላይ ሙሌት ስለተደረገበት ጭምር ነው። ስለዚህ የተዋናይቷን ወገብ ከማስጨነቅዎ በፊት በዳሌዋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ስስ ሙሌት ይስፉና ከተመልካቹ ወንበር ሆነው ይመልከቷት። ዐይን የሚያየው ንጽጽርን እንጂ ሜትር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሦስት የውስጥ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ጡት መያዣው ዛሬ ከለመድነው ከፍ አድርጎ የሚይዝ፣ ወደ ፊት የሾለ ቅርጽ የሚሰጥ ነው፤ የቀሚሱ ፔንሶችም (ጨርቁን ከአካል ጋር ለማስማማት ተቆንጥጠው የሚሰፉት እጥፋቶች) የሚቀመጡት በዚያ ከፍታ ስለሆነ ከእርሱ በፊት ልክ መውሰድ ድካም ማባከን ነው። ሆድንና ዳሌን የሚይዘው ላስቲክ ማጥበቂያ ጉርዱ ሳይሰበሰብ እንዲወርድ ያደርጋል። የውስጥ ቀሚሱ ደግሞ የላዩ ጨርቅ በስቶኪንጉ ላይ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ስቶኪንጉም ከኋላ ስፌት ያለው ይሁን፤ ከወገብ የሚጀምረው ስቶኪንግ ለገበያ የቀረበው በ1959 ስለሆነ የእርስዎ ጸሐፊ አታውቀውም፣ የእርሷ ከጭን ላይ በማያያዣ የሚያዝ ነው።

አሁን ወደ ገጸ ባሕርይዋ ልምጣ። በ1955 ጸደይ ዲዮር ራሱ ከዚያ ቅርጽ እየራቀ፣ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች የሚሰፋውን የ«ኤ» መስመር አቅርቦ ነበር። ሌላዋ የፓሪስ ነዳፊ ሻኔልም በ1954 ወደ ሥራዋ ተመልሳ ሰውነትን የማያስጨንቅ ጃኬት ማሳየት ጀምራለች። ነገር ግን በደመወዟ የምትኖር አንዲት ጸሐፊ የዚያኑ ዓመት የፓሪስ ፋሽን ለብሳ ወደ ቢሮ አትገባም። ካፖርቷ ከ1949 ሊሆን ይችላል፣ ጉርዷ የሦስት ዓመት፣ ሸሚዟ ብቻ አዲስ። ይህንን የዕድሜ ልዩነት በልብሶቿ መካከል ካሳዩ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቀው ያምናታል። ለቢሮው ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ከኋላው ለመራመጃ የሚከፈት እጥፋት ያለው ጠባብ የሱፍ ጉርድና ጥጥ ሸሚዝ፣ በላዩም አጭር ሹራብ ይበቃታል። ጫማዋም ወፍራምና መካከለኛ ታኮ ያለው ይሁን፤ ሹሉ ታኮ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ነበር።


ዐይነ ርግብ፦

ባለመቀስ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ስለ ጌጡ ግን ጥቂት ልጨምር፤ እርሱም ሥርዓት ነበረውና። አጭሩ ጓንት የመንገድ ነው። ሴትዮዋ ከውጭ ስትገባ ታወልቀዋለች እንጂ ጓንት አጥልቃ የጽሕፈት መኪና አትመታም። ይህን ለተዋናይቷ እንደ ሥራ ብትሰጧት ደስ ይለኛል፦ በሩን ትከፍታለች፣ ጓንቷን ጣት በጣት እየሳበች ታወልቃለች፣ አንዱን በሌላው ላይ አድርጋ በቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ባርኔጣዋን የያዘውን ረጅም መርፌ ትነቅላለች። ጌጡ አካሏ ላይ ተለጥፎ ከሚቀር ይልቅ እንዲህ ስትጠቀምበት ሕይወት ያገኛል። ሐብሉ አንድ ረድፍ ይብቃው። መነጽሩን በተመለከተ፣ ያ ቅርጽ በሠላሳዎቹ አልቲና ሺናሲ በተባለች አሜሪካዊት የተፈጠረ ሲሆን በ1955 በሰፊው ይደረግ ነበር፤ ስለዚህ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ገጸ ባሕርይዋ ለማንበብ የምትቸገር ካልሆነች አውልቁላት።


የመጋረጃ ጀርባ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጓንቱን ነገር ለዳይሬክተሩ ነግሬው ወዲያውኑ በልምምድ ላይ ሞከርነው፤ ትዕይንቱ በእርግጥ ተለወጠ። የዳሌውንም ሙሌት በአሮጌ ጉርድ ላይ ሰፍቼ አየሁት፣ ውጤቱ ካሰብኩት በላይ ነው።

የቀረኝ የዳንሱ ቀሚስ ነው። ሰፊ ክሎሽ (በክብ ተቆርጦ የሚሰፋ ጉርድ) እንዲሆን፣ ከሥሩም የቱል (መረብ መሰል ስስ ጨርቅ) የውስጥ ጉርድ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። የተዋናይቷ ወገብ 72 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉርዱም ከወገብ እስከ ባቷ መካከል 72 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ወስነናል። ያለኝ ጨርቅ 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥጥ ነው። ስንት ሜትር ልቁረጥ? ከዚህ በፊት የሠራሁት የቱል ጉርድ ወገቧ ላይ ተከምሮ አስወፍሯት ነበር። በተጨማሪም በሁለተኛውና በሦስተኛው ገቢር መካከል ልብስ ለመቀየር ያላት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ።


የክር ሳጥን፦

እህቴ፣ ለብዙ ዓመታት የመድረክ ልብስ ስለሰፋሁ ይህን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። ሙሉ ክሎሽ ማለት መካከሉ የተበሳ ክብ ስለሆነ ስሌቱ ከወገብ ልክ ይነሣል። ወገቡን ለ6.28 ስታካፍዪው የቀዳዳውን ሬዲየስ ታገኛለሽ፤ 72 ለ6.28 ሲካፈል 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ነገር ግን ቀዳዳውን በ10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቁረጪው፤ አንዷ ሳንቲ ሜትር ለስፌቱ ትሆናለች፣ ከዚያም በላይ ክብ የተቆረጠ ጨርቅ በሰያፍ ስለሚለጠጥ ወገቡ ሳትነኪው እንኳን ይሰፋል። ለ72 ርዝመትና ለጫፉ እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር ስትጨምሪበት ከክቡ መካከል እስከ ጫፉ ያለው ልክ 85 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህ እጥፍ ሲሆን 171 ነው፤ ጨርቅሽ 150 ስለሆነ ክቡ በአንድ ቁራጭ አይወጣም፣ ሁለት ግማሽ ክብ አድርገሽ ቀጥተኛ ጎናቸውን በጨርቁ ዳር ዘርጊና ቁረጪ። ሦስት ሜትር ተኩል ይበቃሻል። ለጎን ስፌቱ በቀጥተኛው ጎን በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር መተውሽን አትርሺ። ለወገቡ መያዣ የሚሆነው ከማዕዘኖቹ ትርፍ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ መቀጠል ቢኖርብሽም ቅጥያውን ከጎን ስፌቱ ጋር ብታገጣጥሚው አይታይም። ርዝመቱን ቀንሶ ክቡን በአንድ ቁራጭ ለማውጣት የሚፈተን ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጉርዱ ጉልበት ላይ ይቀርና የሌላ ዘመን ይሆናል።

የቱሉ መከመር ምክንያቱ ሽንሽኑ ከወገብ መጀመሩ ነው። ከወገብ እስከ ዳሌ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስላሳና ጠፍጣፋ የጥጥ ጨርቅ አድርጊና ቱሉን ከዚያ በታች ጀምሪው። የመጀመሪያው የቱል እርከን ከጥጡ ዙሪያ እጥፍ ይሁን፣ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው እጥፍ። ጥጡ ከታች 110 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ካለው የመጀመሪያው እርከን 2.2 ሜትር፣ ሁለተኛው 4.4 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የእያንዳንዱ እርከን ቁመት 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከጥጡ ጋር 68 ይመጣል፤ ከላዩ ጉርድ በአራት ሳንቲ ሜትር ስለሚያጥር ስትዞር ካልሆነ በቀር አይታይም። ከቱሉ ሥር ስስ የጥጥ ገበር ጨምሪበት፤ ቱል ስቶኪንግ ይቀዳል፣ ቆዳም ይፍቃል። በዚያ ዘመን ሴቶች የውስጥ ጉርዳቸውን በስኳር ውኃ ነክረው ያደርቁት ነበር። እኔ ግን ለመድረክ አልመክረውም፤ በላብ ይጣበቃል።

ለሦስት ደቂቃው፣ የውስጥ ጉርዱን ከቀሚሱ ጋር አትስፊው፤ ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ይዘርጋና እርሷ መካከሉ ትግባበት። የቀሚሱ ዚፕ የማይታየው ዓይነት ሳይሆን ተራ ዚፕ ሆኖ በእጅ ይሰፋ፤ ለዘመኑም የሚስማማው ይህ ነው፣ በችኮላ ሲሳብም አይሸሽም። በቀሚሱ ወገብ ውስጠኛ በኩል ጠንካራ ሪባን አድርጊበትና በራሱ መንጠቆ ይቆለፍ። መጀመሪያ ሪባኑ ሲቆለፍ የጉርዱን ክብደት እርሱ ስለሚሸከም ዚፑ ያለ ትግል ይዘጋል። ብብቱ ላይ ተነቅሎ የሚታጠብ ላብ መምጠጫ ስፊበት፤ ሌሊቱን ሁሉ ሙሉ ቀሚስ ከማጠብ ያድንሻል።

እውነተኛ የዘመኑ ቀሚስ ገዝቶ መጠቀምን ላነሣው ፈልጌ ነበር። ለመድረክ አይሆንም። የድሮ ሐር በስፌቱ ዙሪያ ሳይታሰብ ይተረተራል፤ ለብዙ ዘመን የቆየን ነገር በአሥር ትርዒት ማጥፋት ያሳዝናል። ካገኘሽ ግን ገልብጠሽ አጥኚው፤ ውስጡ ስለ ስፌቱ ብዙ ያስተምርሻል። የልክ ቁጥሩን ግን አትመኚ፣ በዚያን ጊዜ 14 የተባለው ቀሚስ ዛሬ በዚሁ ቁጥር ከሚሸጠው በጣም ያንሳል፤ ሁሉንም በሜትር ለኪ።


የመስታወቱ ፊት፦

ስለ ጸጉርና ስለ ፊት ማንም ስላላነሣ ልግባበት፤ ልብሱ ትክክል ሆኖ ጸጉሩ ስሕተት ሲሆን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። በብዛት የማየው ስሕተት ከግንባር በላይ ሁለት ትላልቅ ጥቅሎችን መሥራት ነው። እነዚያ የጦርነቱ ዓመታት ምልክቶች ናቸው። በ1955 ጸጉር አጠር ያለ፣ ከአንገትጌ ከፍ ያለ፣ በለስላሳ ሞገድ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። እርጥብ ጸጉር በትንንሽ ክፍል ተጠቅልሎ ራስ ላይ ተኝቶ በመያዣ ይታሰራል፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስም አይነካም። ሲፈታ የሚታየው ብዙ ትንንሽ ጥምጥም ስለሆነ ጀማሪው ይደነግጥና እንዲሁ ይተወዋል፤ ዘመኑን የሚያመጣው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ማበጠር ነው። በብሩሽ ደጋግማችሁ አበጥሩት፣ ጥምጥሞቹም እየተዋሐዱ አንድ ሞገድ ይሆናሉ። ተዋናይቷ ጸጉሯ ከርዳዳ ከሆነ ቀድሞ ተሳስቦ ይድረቅና በትልልቅ መጠቅለያ ይሠራ፤ ወይም በጎን ተከፍሎ ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ ይጠቅለል፣ ይህም ለዘመኑ እንግዳ አይደለም። ያን ዘመን በነጭ ሴቶች ፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ጃክሊን ቡቪየር በ1953 ጆን ኬኔዲን ስታገባ የለበሰችውን የሙሽራ ቀሚስ የሠራችው አን ሎው የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ የጥቁር ሴቶችን ምስሎችም ብትመለከቱ ለጸጉሩ የሚበጅ ብዙ ታገኛላችሁ።

ፊት ላይ ቅንድቡ ሞላ ብሎ ቅስት ይኑረው። ኩሉ በላይኛው ሽፋሽፍት ብቻ ይሰመርና ጫፉ ትንሽ ከፍ ይበል፤ የታችኛውን ዐይን መክበብ የኋላ ዘመን ነው። ፊቱ በፓውደር ይደብዝዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጉንጭ አይኑር። ከንፈሩ ቀይ ነው፤ የመዋቢያ አምራቹ ሬቭሎን በ1952 ያስተዋወቀው «ፋየር ኤንድ አይስ» የተባለው ቀይ ብቻውን የዘመኑን ስሜት ይናገራል። ይሁን እንጂ ቀዩን በክፍላችሁ አምፖል ሳይሆን በመድረኩ መብራት ሥር ምረጡት፤ ሞቅ ባለ መብራት ቀይ ወደ ብርቱካንነት ይሄዳል።


ባለመቀስ፦

የክር ሳጥን የሰጡት ስሌት ትክክል ነው፤ በአንድ ነገር ግን ከእርሳቸው እለያለሁ። ሙሉ ክሎሽ ከብዙ ቱል ጋር ሲሆን ይበልጥ የወጣት ልጃገረድ ልብስ ነው። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሠራተኛ ሴት ለአንድ ምሽት የምትለብሰው ቀሚስ ቁጥብ ቢሆን፣ ጭንቀቷንና ተስፋዋን አብሮ ያሳያል ብዬ አስባለሁ። ግማሽ ክሎሽ ቢያደርጉት ወገቡ የሚካፈለው ለ3.14 ስለሆነ ሬዲየሱ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ሁለት ሜትር ጨርቅም ይበቃዋል። የጫፉ ዙሪያም ከአምስት ሜትር በላይ የነበረው ወደ ሦስት ሜትር ይወርዳል፤ ለሚዘመዝመው እጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው፣ ዳንሱን ያዩት እርስዎ ነዎትና።


የመጋረጃ ጀርባ፦

ሁለቱንም በአሮጌ አንሶላ ቆርጬ ለተዋናይቷ አለበስኳትና ዳንሱን ደጋገመችው። ግማሽ ክሎሹ ስትቀመጥና ስትራመድ ያምርባታል፤ ነገር ግን በዳንሱ ውስጥ ብቻዋን የምትዞርበት አንድ ቅጽበት አለ፣ በዚያች ቅጽበት ሙሉ ክሎሹ ሲከፈት በክፍሉ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። ስለዚህ ሙሉውን ወሰድኩ፤ ባለመቀስ ስለ ዕድሜዋ ያነሡትን ለማክበር ስል ግን ነጠብጣቡን ትቼ ድፍን ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ መርጫለሁ፣ ቱሉንም በአንድ ንብር ብቻ አደርገዋለሁ። ቀዩን ፖሊስተር ለሙከራ ልብስነት አውለዋለሁ። ዛሬ ማታ ቆርጬ ነገ ጫፉን ልዘመዝም አስቤያለሁ።


የክር ሳጥን፦

እህቴ፣ ነገ አትዘምዝሚው! ወገቡን ከሰፋሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በመስቀያ ተሰቅሎ ይደር። በሰያፍ የዋለው የጨርቁ ክፍል በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ በቀጥታ የዋለው ግን ባለበት ይቀራል፤ ሳይሰቀል የተዘመዘመ ክሎሽ ከሳምንት በኋላ ጫፉ አንዱ ጋ ዝቅ አንዱ ጋ ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ተዋናይቷ የዳንስ ጫማዋን አድርጋ፣ የውስጥ ጉርዱንም ለብሳ ትቁም፤ አንቺ ከወለሉ ወደ ላይ እየለካሽ ዙሪያውን በሳሙና ምልክት አድርጊበትና ትርፉን ቁረጪ።